ዱባይ ያስያዝኩት የሆቴል ዲፖዚት አልለቀቅ አለኝ፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች፣ ያለሁት ዱባይ ደይራ ነው። የሆቴሉን ሂሳብ ገና አዲስ አበባ እያለሁ ከፍዬ ነው የመጣሁት። ስደርስ የቱሪዝም ድርሃም ጨምሪ አሉኝ። እሺ፣ እሱ እንደ ሆቴሉ ደረጃ በአዳር ከ7 እስከ 20 ድርሃም የሚከፈል ሕጋዊ ነገር ነው፣ አልተከራከርኩም። የከበደኝ ዲፖዚቱ፣ ማለትም ለመያዣ የሚያግዱት ገንዘብ ነው። ከካርዴ ላይ 500 ድርሃም አገዱና ትናንት ስወጣ "ለቀነዋል፣ ባንክሽን ጠይቂ" ብለው ሸኙኝ። ባንኩ ደግሞ ከሆቴሉ ምንም አልደረሰኝም ይላል! ካርዱ ቀድሞ ገንዘብ የሚሞላበት (ቅድመ ክፍያ) ስለሆነ የቀረኝ ለታክሲም አይበቃ፣ በረራዬ ነገ ማታ ነው። ከሆቴሉ ምን ዓይነት ወረቀት ልቀበል? አገር ቤት ከገባሁ በኋላስ ይመለሳል ወይስ ውሃ በላው? በነገራችን ላይ፣ የሱቅ ማሽን በዶላር ወይስ በድርሃም ሲለኝ የቱን ልንካ? የደረሰባችሁ ካላችሁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።