መዋጋት ሁለቱንም የሚጎዳ ከሆነ ለምን ቀድመው አይስማሙም? (ስለ ጄምስ ፊሮን ጥናት)

የማታ ተማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የስታንፎርዱን የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪ የጄምስ ፊሮንን ጥናቶች እያነበብኩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው ጥናት መነሻው ግልጽ ነው። ጦርነት ሰውም ገንዘብም ይበላል። መጨረሻ ላይ የሚደረስበትን ነገር አስቀድመው ቢስማሙበት ሁለቱም ያተርፉ ነበር። የማይስማሙት አንድም እያንዳንዱ አቅሙንና ቁርጠኝነቱን ስለሚደብቅና ስለሚያጋንን ነው ይላል። እስከዚህ ገብቶኛል። ግራ ያጋባኝ የ1994ቱ ነው። መሪ በሕዝብ ፊት ዝቶ ቢያፈገፍግ አገር ቤት ዋጋ ይከፍላል፣ ስለዚህ ዛቻው ይታመናል ይላል። ራስን ማሰር እንዴት ጉልበት ይሆናል? እኔ ብሆን አማራጬን ሳልዘጋ ብደራደር ይሻለኛል።

ስሌት ወዳጅ፦
አማራጭህ እንዳልተዘጋ ባላጋራህም ያውቃላ! ችግሩ እሱ ነው። በምስጢር መልእክት "እመታሃለሁ" ማለት ምንም አያስከፍልም። የምሩን የሆነውም የሚያስመስለውም እኩል ይለዋል። ስለዚህ ሰሚው ምንም አዲስ ነገር አያውቅም። በጌም ቲዎሪ (አንዱ የሌላውን እርምጃ እያሰላ የሚወስንበትን ሁኔታ በሒሳብ የሚያጠናው ዘርፍ) ምልክት የሚባለው አስመሳዩ የማይደፍረው ነገር ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? ቃልህን በአደባባይ ስትናገር መመለሻውን ራስህ ትዘጋለህ፤ ለማስመሰል ብቻ ይህን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው።
ሐሳቡ ሥር አለው። የጌም ቲዎሪ ሊቁ ቶማስ ሼሊንግ ቀደም ብሎ፣ በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን በምሥራቅ ጀርመን ተከባ ስለነበረችው ምዕራብ በርሊን ተመሳሳይ ነገር ብሏል። እዚያ የነበሩት ጥቂት የአሜሪካ ወታደሮች ከተማዋን ማዳን አይችሉም ነበር። ከሞቱ ግን ዋሽንግተን ዝም ማለት አትችልም። ፊሮን የጨመረው ዳኛውን፣ ማለትም ያፈገፈገውን መሪ የሚቀጣውን፣ አገር ውስጥ ማስቀመጡ ነው። ከዚህ ተነስቶ የዴሞክራሲ መሪዎች ዛቻ ይበልጥ ይታመናል ማለቱ ግን ለእኔ ችኮላ ይመስለኛል። የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪዋ ጄሲካ ዊክስ በ2008 እንዳሳየችው፣ ሹማምንቱ ሊያወርዱት የሚችሉት አምባገነንም የሚፈራው ዳኛ አለው።

ታሪክ ይቅደም፦
ጡረታ የወጣሁ የታሪክ አስተማሪ ነኝና ሒሳቡን ለእናንተ ልተው። እኔ የምጠይቀው፣ ሕዝቡ በእርግጥ ይቀጣል ወይ? ኦባማ በ2012 የኬሚካል ጦር መሣሪያ ለሶርያ ቀይ መስመር ነው አለ። በነሐሴ 2013 ደማስቆ አጠገብ ባለችው ጉታ ላይ ሰው በመርዝ ጋዝ አለቀ። ኦባማ ጉዳዩን ወደ ኮንግረስ ወሰደው፣ ድብደባውም ቀረ። ብዙው አሜሪካዊ ግን ድብደባውን ራሱን አይፈልገውም ነበር። ቃሉን አጠፈ ብለው የጮኹት በአብዛኛው ፖለቲከኞችና ተንታኞች ናቸው።
ኩባን ደግሞ እዩ። ኬኔዲ ሶቪየት ኅብረት እዚያ አጥቂ ሚሳኤል እንዳትተክል በመስከረም 1962 በአደባባይ አስጠነቀቀ፤ ሚሳኤሎቹ ግን ቀድመው ጉዞ ላይ ነበሩ። ምልክቱ ዘገየ። ጥቅምት ላይ ሚሳኤሎቹ ሲገኙ ያ ቃል እሱኑ መልሶ ያዘው። እንዴት ወጣ? ቱርክ ያሉትን የአሜሪካ ጁፒተር ሚሳኤሎች አነሳለሁ ብሎ፣ ወንድሙን ሮበርትን ወደ ሶቪየቱ አምባሳደር ልኮ፣ በምስጢር። ዛቻው በአደባባይ፣ መስማማቱ በጓዳ! ከመጽሐፍ ይልቅ እዚህ ላይ ብትቆዩ ብዙ ታተርፋላችሁ።

ስሌት ወዳጅ፦
ጋሼ፣ ስለ ኦባማ እስማማለሁ። ስለ ኩባ ግን የነገሩን ራሱ ለፊሮን ይመሰክራል። በአደባባይ ማፈግፈግ ዋጋ ባይኖረው ጓዳው ለምን አስፈለገ? ተመራማሪው ማይክል ቶምዝም በ2007 በሙከራ መጠይቅ አይቶታል። ዝቶ ያፈገፈገ ፕሬዚዳንት፣ ከመጀመሪያው እጁን ካላስገባው ያነሰ ድጋፍ አገኘ።

ታሪክ ይቅደም፦
መጠይቅ ላይ እስክሪብቶ የያዘ ሰውና የምርጫ ወረቀት የያዘ ሰው አንድ አይደሉም። የጓዳዋን ግን ተቀብያለሁ።

የማታ ተማሪ፦
ጋሼ፣ ስሌት፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ልጨምር፦ ሁሉም የሌላውን አቅምና ልብ ቁልጭ አድርጎ ቢያውቅ ጦርነት ይቀራል ማለት ነው?

ስሌት ወዳጅ፦
አይቀርም። እዚያው የ1995ቱ ውስጥ ሁለተኛ ምክንያት አለ። አንዱ ወገን እየበረታ ከሄደ፣ ዛሬ የፈረመውን ነገ እንዳያፈርስ የሚይዘው የለም። በአገሮች መካከል ውል በግድ የሚያስፈጽም የበላይ የለማ። እየደከመ ያለው "ሳይቀድመኝ ልቅደም" ይላል፣ የተደበቀ ነገር ባይኖርም። ሦስተኛው ለሁለት ሊከፈል የማይችል ነገር ላይ መጣላት ነው። ለሱ ፊሮን ራሱ ብዙ ክብደት አልሰጠውም። ለፈተና ከሆነ ግን ሦስቱንም ጻፍ።