አያ ሶፊያ፦ መስጊድ መሆኗ ልክ ነበር ወይስ አልነበረም?

አወያይ፦ የዛሬው ክርክር ስለ ኢስታንቡሏ አያ ሶፊያ ነው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁኑ። ባጭሩ፦ በ537 ቤተ ክርስቲያን ሆና ተመረቀች። በ1453 የኦቶማን ቱርኮች ሱልጣን መሐመድ 2ኛ ከተማዋን ሲይዝ መስጊድ ሆነች። በ1934 የቱርክ ሪፐብሊክ መሥራች የአታቱርክ መንግሥት ሙዚየም እንድትሆን ወሰነ። ጁላይ 10፣ 2020 የቱርክ ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት ያንን ውሳኔ ሻረው፤ በዚያው ወር አርብ 24 ቀን ጁምዓ ተሰገደባት። ተሳዳቢ ይወጣል።

ማሂ፦ ልክ አልነበረም። ሙዚየም ሳለች ቀና ስትሉ የድንግል ማርያምና የሕፃኑን ሞዛይክ (በትናንሽ ባለቀለም ጠጠሮች የተሠራ ሥዕል) ታያላችሁ፤ ግራና ቀኙ ደግሞ የአላህና የነቢዩ ስም የተጻፈባቸው ግዙፍ ክብ ሰሌዳዎች ተሰቅለዋል። ሁለቱም ባንድ እይታ። ይሄ የትም አይገኝም። አሁን ሞዛይኩ በመጋረጃ ይሸፈናል።

የደሴው፦ ማሂ እህቴ፣ ውበቱ አይካድም። ግን 481 ዓመት የተሰገደበት ቤት ነው። ፍርድ ቤቱም ከሜዳ ተነስቶ አልፈረደም። ሱልጣኑ ለመስጊድነት ወቅፍ፣ ማለትም ለዘላለም የተሰጠ የሃይማኖት ስጦታ፣ አድርጎታል። ወቅፍ የሆነ ንብረት ደግሞ ከተሰጠበት ዓላማ ውጪ አይውልም። የ1934ቱ ካቢኔ ይህን የመቀየር ሥልጣን አልነበረውም ነው የተባለው።

መምህር፦ ልጄ፣ ወቅፉ ገብቶኛል። ሱልጣኑ ግን ወቅፍ ያደረገው በጦር የያዘውን ነው። ከዚያ በፊት ከ900 ዓመት በላይ ተቀድሶበታል። ያሠራው ዩስቲንያኖስም ወደ እኛው አፄ ካሌብ መልእክተኛ የላከ ንጉሥ ነው። ሰነድ ከተቆጠረ ከየት ነው የምንጀምረው?

የደሴው፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ የስፔኗን ኮርዶባንስ ምን ይሏታል? ታላቁ መስጊድ በ1236 ካቴድራል ሆነ። ሙስሊም ዛሬም እዚያ መስገድ አይፈቀድለትም። ስለሱ ማን ይጮሃል?

ማሂ፦ እኔ እጮሃለሁ! ኮርዶባም ልክ አይደለም። ግን ያኛው ለዚህኛው ፈቃድ አይሆንም።

ግንበኛው፦ ሁላችሁም የማን ናት ትላላችሁ። እኔ እንዴት ቆማ ቀረች ልበል፤ ሙያዬ ስለሆነ ታገሱኝ። አርክቴክቶቹ አንቴሚዮስና ኢሲዶሮስ 6 ዓመት በማይሞላ ጊዜ ነው የጨረሷት። ስፋቱ ወደ 31 ሜትር የሆነ ክብ ጉልላት በአራት ማዕዘን ላይ አስቀመጡ። ማዕዘኖቹን በአራት ጎባጣ ሦስት ማዕዘኖች ሞሏቸው፤ ክቡ ያረፈው እዚያ ላይ ነው። የጉልላቱን ግርጌ በ40 መስኮት ከበቡት። ብርሃኑ ሲገባ ጉልላቱ የተንሳፈፈ ይመስላል። ችግሩ፣ የመጀመሪያው ጉልላት ጠፍጣፋ ስለነበር ግድግዳውን ወደ ውጪ ይገፋ ነበር። የመሬት መንቀጥቀጥ ተጨምሮበት በ558 ወደቀ። ትንሹ ኢሲዶሮስ ከፍ አድርጎ በ562 መለሰው። በ989 እንደገና በከፊል ፈረሰ፤ አርመናዊው ትርዳት ጠገነው። በ1346 ሌላ ጉዳት ደረሰ። ከዚያ ኦቶማኖች ያዟት። በ16ኛው መቶ ዘመን የኦቶማኖቹ አርክቴክት ሚማር ሲናን በትላልቅ ድጋፎች አጠናከራት። ከ1847 እስከ 1849 የፎሳቲ ወንድማማቾች በጊዜው ሱልጣን ትእዛዝ ጉልላቱን በብረት ሰንሰለት አሰሩት። ሲናን ራሱ ከሷ ተምሮ ነው የሱለይማኒየን መስጊድ የሠራው፤ ሁለቱን ግማሽ ጉልላቶች እዩዋቸው። እና «ቱርኮች አበላሿት» የሚል ሰው ሕንፃውን አልተመለከተም።

መምህር፦ አበላሿት አላልኩም። ሞዛይኮቹን ግን በልስን አልሸፈኗቸውም?

ግንበኛው፦ ሸፍነዋል፣ መምህር። ፎሳቲዎቹም ገልጠው ከሳሏቸው በኋላ መልሰው ሸፈኗቸው። ከ1931 ጀምሮ የአሜሪካዊው ዊትሞር ቡድን ሲገልጣቸው ብዙዎቹ ከልስኑ ስር ተርፈው ተገኙ። የጠፉም አሉ፤ ያ ያናድዳል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በ2020 ሕንፃዋ ለሃይማኖት ጉዳዮች ዳይሬክቶሬት ተሰጠች። ዩኔስኮ ውሳኔው ሳይመከርበት መወሰኑ እንዳሳዘነው ተናግሯል፤ ሕንፃዋ ያለችበት የኢስታንቡል ታሪካዊ ክፍል ከ1985 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። መስገዱ ድንጋይ አያፈርስም። ጥገናውን ማን ይቆጣጠራል? ቁጥጥሩ ካልላላ እኔ መስጊድነቷን አልቃወምም።

ማሂ፦ ከ2024 ጀምሮስ? የውጭ ጎብኚ 25 ዩሮ ከፍሎ ፎቅ ላይ ብቻ ይቀራል። ይሄ ነው «በሯ ለሁሉም ክፍት ነው» የተባልነው?

የደሴው፦ ሙዚየሙስ በነፃ ነበር እንዴ? እንዲያውም መስጊድ ከሆነች በኋላ እስከ 2024 ድረስ ሰው ያለ ክፍያ ይገባ ነበር። ታች ያለው የሰጋጁ ቦታ ነው። በዚያ ላይ ፎቁ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ታዋቂው የክርስቶስ ሞዛይክ ያለው እዚያው ነው።

መምህር፦ እሺ፣ ይሰገድ። ከሶላት ውጪ ግን መጋረጃው ይከፈት፤ ጎብኚውም ታች ወርዶ ይይ። በዚህ ትስማማለህ?

የደሴው፦ መጋረጃው ይከፈት፣ እስማማለሁ። ታችኛውን ግን አልሰጥም፤ በአንዱ ሶላትና በሌላው መካከል ባለው ሰዓትም ቁርአን የሚቀራ አለ።

ማሂ፦ ሱልጣን አህመድ መስጊድ እኮ ፊት ለፊቷ ነው፤ ጎብኚ ሶላት በሌለበት ሰዓት ይገባል፣ ቁርአንም ይቀራል። እዚያ የተቻለው እዚህ ለምን አቃተ? እሱን መልስልኝ።