«አሥራት በኵራት» ሲባል በኵራት ምንድን ነው?

ጥያቄ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። «አሥራት በኩራት አውጡ» ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ። አሥራቱ ግልጽ ነው፣ ከአሥር አንድ። «በኩራት» የሚለውን ግን ብዙ ሰው «ቀና ብሎ፣ ደስ ብሎት መስጠት» እያለ ይፈታዋል። በሌላ በኩል 1ኛ ቆሮንቶስ 15፥20 ክርስቶስን «ላንቀላፉት በኵራት» ይለዋል። ሁለቱ ዝምድና አላቸው?

መልስ፦

እህቴ፣ ያው አንድ ቃል ነው። ከ«ኩራት» ጋር ግን አይገናኝም። እዚህ «በ» መስተዋድድ ሳይሆን የቃሉ የራሱ ፊደል ነው፦ በኵር፣ ሲበዛ በኵራት፤ ቃል ቃላት እንደሚባለው። የበኵር ልጅም፣ ዔሳው በምስር ወጥ የሸጣት ብኵርናም ከዚሁ ግንድ ናቸው። መምታታቱ የመጣው «ኵ»ን ትተን በ«ኩ» መጻፍ ስለለመድን ነው።

አብረው ስለሚጠሩ አንድ ይመስላሉ እንጂ አሥራትና በኵራት ሁለት ስጦታዎች ናቸው። አሥራት ልክ አለው፤ ለበኵራት ግን ኦሪት መጠን አልቆረጠችለትም። ቁም ነገሩ መቅደሙ ላይ ነው። የአይሁድ ሊቃውንት ትውፊት በሚሽና እንደተጻፈው፣ ገበሬው እርሻው ወርዶ ቀድማ የበሰለች በለስ ወይም የወይን ዘለላ ወይም ሮማን ሲያይ በቄጠማ ያስርባትና «ይህች በኵራት ናት» ይላል። ከዚያ ከአገሩ ሰው ጋር ሆኖ ወደ ኢየሩሳሌም ይወጣል። ፊት ፊት ቀንዱ በወርቅ የተለበጠ፣ የወይራ ጉንጉን የደፋ በሬ ይሄዳል፤ ዋሽንት ይነፋል። መቅደስ ሲደርስ እንቅቡን አስረክቦ ዝም ብሎ አይመለስም። ዘዳግም 26 እንደሚያዘው አባቶቹ ወደ ግብፅ እንዴት እንደወረዱ፣ እንዴት እንደተጨቆኑ፣ እግዚአብሔር በጸናች እጅ እንዴት እንዳወጣቸው በቃሉ ይናገራል። እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን ነው፤ ስጦታና ምስክርነት አንድ ላይ ይቀርባሉ።

አሁን ወደ ጳውሎስ። በዘሌዋውያን 23 የፋሲካው በግ ከታረደ በኋላ፣ በቂጣው በዓል ሰሞን፣ ካህኑ የመከሩን የመጀመሪያ ነዶ በእግዚአብሔር ፊት ይወዘውዛል። ወቅቱ ገብስ የሚደርስበት ነው። ይህ ሳይሆን ከአዲሱ እህል እንጀራም ሆነ እሸት አይቀመስም። ጳውሎስ በዚያው መልእክት ምዕራፍ 5 ላይ «ፋሲካችን ክርስቶስ ታርዶአልና» ካለ በኋላ ምዕራፍ 15 ላይ «በኵራት» ይላል። በጉ፣ ቀጥሎ ነዶው፤ የበዓላቱን ቅደም ተከተል ይዞ ነው የሚናገረው። ነዶ ከማሳው ተለይቶ ብቻውን አይበስልም፤ እሱ ከደረሰ የቀረው እህል እየደረሰ ነው። ስለዚህ «በኵራት» እዚያ ጋ «የመጀመሪያው» ብቻ ሳይሆን «ሌሎቹ የሚከተሉት» ማለት ነው። ቁጥር 23ን ያንብቡት፣ ራሱ ይፈታዋል።

ሌላ አባል፦

ጥሩ ተብሏል። ከእስራኤል ሆኜ ሁለት ነገር ልጨምር። የዕብራይስጡ ዘሌዋውያን 23፥10 ለነዶው «ሬሺት» ይላል፣ የ«ራስ» ዘመድ ነው። «ቢኩሪም» የሚለው፣ ማለትም የበኵራት መንትያ፣ የሚመጣው ቁጥር 17 ላይ በሃምሳኛው ቀን ለሚቀርቡት ሁለት እንጀራዎች ነው። ጳውሎስ የጻፈበት የግሪክኛው ቃል ግን ሁለቱንም ይሸፍናል።

ሁለተኛው ከነዶው ቀን እስከ ሃምሳኛው ቀን ያለው ቆጠራ ነው። ነዶው የሚቀርበው «ከሰንበት በማግሥቱ» ስለተባለ የትኛው ሰንበት ነው የሚለው ጥንትም አከራክሯል። ፈሪሳውያን የፋሲካውን የመጀመሪያ ቀን እንደ ሰንበት ወሰዱ፤ ሰዱቃውያን የሳምንቱን ሰንበት ያዙ። ቤተ እስራኤል አባቶቻችን ደግሞ ቆጠራውን የጀመሩት ከቂጣው ሳምንት ማብቂያ በኋላ ነው፤ ስለዚህ የሃምሳኛው ቀን በዓል በሦስተኛው ወር በ12ኛው ቀን ይውላል። ስሙም ማእረር ነው፣ በግእዝ መከር ማለት። ቤተ መቅደሱ በ70 ዓ.ም. ከፈረሰ ወዲህ ነዶ የሚወዘወዝበት ስፍራ የለም፤ አይሁድ ግን ቆጠራውን እስከ ዛሬ በየምሽቱ ይቆጥራሉ።

ጠያቂዋ፦

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲያው የእኛ ሃምሳ ቀን፣ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ፣ ከዚሁ ቆጠራ የወጣ ነው ማለት ነው?

መልስ፦

አዎ፣ ቀጥታ። በዓለ ሃምሳ ከነስሙ የኦሪት ነው። የሐዋርያት ሥራ 2 ላይ ሕዝቡ ከየአገሩ ኢየሩሳሌም የተሰበሰበው ለዚያ በዓል ነው፤ መንፈስ ቅዱስም የወረደው በኵራት በሚቀርብበት ቀን ነው። ጳውሎስ ሮሜ 8፥23 ላይ «የመንፈስ በኵራት» ሲል ይህ ከጀርባው አለ። ቤተ ክርስቲያን ትንሣኤን እሑድ አድርጋ አንድ ብላ ስለምትጀምር ሃምሳኛውም ሁልጊዜ እሑድ ይውላል፤ በመካከል ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ክርስትና የእስራኤልን በዓላት ጥሎ የራሱን ከባዶ ጀመረ የሚለውን አባባል እኔ የማልቀበለው በዚህ ነው፤ ቁጥሩም ስሙም እጃችን ላይ አሉ። በሰበካው ማስታወቂያ የምትጽፉት ከሆነ ደግሞ እባክዎ በ«ኵ» ይጻፉት።