ለታመመች ጎልድፊሽ የውሃ መመርመሪያና የክሎሪን ማጥፊያ የቱን ትጠቁሙኛላችሁ?

የወርቄ እናት፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። 40 ሊትር በሚይዝ ገንዳ አንዲት ጎልድፊሽ አለችኝ። ከትናንት ጀምሮ ውሃው ላይ ወጥታ አፏን እየከፈተች ነው። ስንጥቧ ቀልቷል። ሦስት ሳምንት ውሃ ሳልቀይርላት ቆየሁ። መመርመሪያው የወረቀቱ ይሻላል የጠብታው? የክሎሪን ማጥፊያስ?

ጠብታ፦ የጠብታው። ብዙዎቹ ወረቀቶች አሞኒያን (ከዓሣ ቆሻሻ የሚወጣውን መርዝ) አይለኩም፤ አንቺ ደግሞ መጀመሪያ ማወቅ ያለብሽ እሱን ነው። እኔ ኤፒአይ የሚባለውን ምርት ነው የምጠቀመው። አሞኒያ፣ ናይትራይት፣ ናይትሬትና ፒኤች (የውሃውን አሲድነት) ይለካል። የናይትሬቱን ሁለተኛ ጠርሙስ 30 ሰከንድ በደንብ ናጪው፤ አለዚያ ውጤቱ ይሳሳታል።

ሦስቱም አለቁብኝ፦ እኔ መመርመሪያ ነበረኝ፤ ግን ምን ዋጋ አለው። ሻጩ «ገንዳውን ሙልጭ አድርገህ እጠብ» አለኝ። ውሃውን በሙሉ ደፋሁ። ፊልተሩን በቧንቧ ውሃ አጠብኩ። መድኃኒትም ሸጠልኝ። በ5 ቀን ውስጥ ሦስቱም ሞቱ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ስፖንጅ፦ አይዞህ ወንድሜ። ፊልተሩ ውስጥ አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ከዚያ ወደ ናይትሬት የሚቀይሩ ባክቴሪያዎች ነበሩ። የቧንቧው ውሃ ክሎሪን ጨረሳቸው። ስፖንጁ የሚታጠበው ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ነው።

ሦስቱም አለቁብኝ፦ ይህን ያኔ የነገረኝ የለም። ሻጮች ለምን አይማሩም?

ደንበኛ፦ ሁሉም ሻጭ አንድ አይደለም። እኔ 8 ዓመት ከአንድ ሱቅ ነው የምገዛው። ሰውዬው ውሃውን አይቶ ብቻ ይነግርሃል። መመርመሪያ ምን ያደርጋል?

ጠብታ፦ አሞኒያ በዓይን አይታይም። ኩልል ያለ ውሃም ይገድላል።

ደንበኛ፦ የሱ ውሃ ገድሎ አያውቅም።

ጠብታ፦ እንግዲያው ዓሣዋን ለሰውዬው ውሰዱለት፤ አይቶ ያድናታል!

ባለ 200፦ ለ200 ሊትር ገንዳ የትኛው ፊልተር ይሻላል? በዚሁ ጠይቄ ልለፍ ብዬ ነው።

ስፖንጅ፦ ወገኖቼ፣ ዓሣዋ አየር እያጠራት ነው! እህቴ፣ አሁኑኑ ግማሹን ውሃ ቀይሪ። አዲሱ ውሃ እንደ ገንዳው ሙቀት ይሁን። ክሎሪኑ ሳይወገድ እንዳታፈሺው። የአየር ፓምፕ ካለሽ ክፈቺው። አንድ ሁለት ቀን አትመግቢያት። ነገም ለክተሽ ደግሞ ቀይሪ። አሞኒያውና ናይትራይቱ ዜሮ እስኪሆኑ አታቋርጪ።

ስለ ማጥፊያው፦ ሶዲየም ታዮሰልፌት ብቻ ያለበት ለክሎሪን ይበቃል። ውሃችሁ ክሎራሚን (ክሎሪንና አሞኒያ የተዋሃዱበት) ካለው ግን አሞኒያ ይተርፋል። እኔ ሲኬም ፕራይም እወዳለሁ። 5 ሚሊ ሊትሩ ለ200 ሊትር ስለሆነ ላንቺ 1 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ትንሿ ጠርሙስ ብዙ ትቆያለች።

ጨው፦ ናይትራይት ከታየ በሊትር 1 ግራም ጨው ጨምሪ። ክሎራይዱ ናይትራይቱ በስንጥቧ እንዳይገባ ያግዳል።

ጠብታ፦ ዜኦላይት (አሞኒያ የሚይዝ የማጣሪያ ድንጋይ) ከተጠቀመች ግን ጨው አትጨምር። የያዘውን አሞኒያ መልሶ ይለቀዋል።

የወርቄ እናት፦ ግማሹን ቀየርኩላት፤ ውሃውን ያዘጋጀሁት ከጎረቤቴ በወሰድኩት ክሎሪን ማጥፊያ ነው። አሁን ወደ ታች ወርዳ እየዋኘች ነው። እግዜር ይስጣችሁ!

ደንበኛ፦ ሱቁን ከፈለግሽ በውስጥ ጻፊልኝ።

ጠብታ፦ መመርመሪያውን ገዛሽ? ስንት አነበበልሽ?

ባለ 200፦ የኔን ጥያቄ የሚመልስ የለም?

ስፖንጅ፦ ወንድሜ፣ ዓሣዎችህ ምንድን ናቸው? ጎልድፊሽ ከሆኑ ቆሻሻቸው ብዙ ነው፤ ከገንዳህ ከፍ ላለ ሊትር የተሠራ ፊልተር ያዝ።