ኢ. ኮላይ እንደ ክር ይረዝማል እንዴ?

ተረኛዋ፦
ሰላም የላብ ሰዎች። ትናንት የአንዲት እናት ሽንት ግራም ስቴን (ባክቴሪያን በቀለም የምንለይበት ምርመራ) ሠርቼ በማይክሮስኮፕ በኦይል ሳየው ግራ ገባኝ። ሁሉም ሮዝ፣ ግራም ኔጌቲቭ ነው። አጫጭር ዘንጎች አሉ፤ በመሀላቸው ግን አሥር እጥፍ የሚረዝም፣ የትም ቦታ ያልተቆረጠ ክር ተጋድሟል። አብሮኝ ያደረው ልጅ ፈንገስ ነው ብሎ ሊጽፈው ነበር። ዛሬ ጠዋት ማካንኪው (ባክቴሪያ የምናበቅልበት ሳህን) ኢ. ኮላይ የሚመስል ሮዝ ኮሎኒ አወጣ። ከኮሎኒው ስቴን ሳደርግ ደግሞ ያው የለመድነው አጭር ዘንግ! ለመሆኑ ባክቴሪያን ቅርጹ ላይ የሚያቆየው ምንድን ነው?

ጋሽ ማይክሮ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ካርዳቸውን እይልኝ። ሴፋሌክሲን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ጀምረው ከሆነ ክሩ ከየት እንደመጣ ታወቀ።

ቅርጹን የሚይዘው ግድግዳው ነው። ፔፕቲዶግላይካን የምንለው፣ የስኳር ሰንሰለቶች በአጫጭር ፔፕታይዶች ተቆላልፈው ሴሉን ዙሪያውን የሚያለብሱት መረብ ማለት ነው። ሴሉ ከውስጥ በውኃ ግፊት እንደተነፋ ኳስ ይወጠራል፤ መረቡ ያንን ችሎ ይይዛል። ኢ. ኮላይን በኢዲቲኤና በላይሶዛይም ግድግዳውን ብታሟሚበት፣ እንዳይፈነዳም ሱክሮስ ውስጥ ብታቆዪው፣ ዘንጉ ድቡልቡል ይላል። ግድግዳውን ብቻ ለይተሽ ብታወጪው ደግሞ ባዶው ከረጢት ዘንግ እንደሆነ ይቀራል።

ግድግዳውን የሚሠሩት ሁለት የፕሮቲን ቡድኖች ናቸው። አንዱ ፒቢፒ 2 ከሚባለው ግድግዳ ሠሪ ኢንዛይም ጋር ሆኖ ጎኑን ያስረዝማል፤ ሌላው ከፒቢፒ 3 ጋር ሆኖ መሀሉን ዘግቶ ለሁለት ይከፍላል። ሴፋሌክሲን በዋናነት የሚይዘው ፒቢፒ 3ን ነው። ስለዚህ ማስረዘሙ ይቀጥላል፣ መከፈሉ ይቆማል። ሜሲሊናም የሚባለው አንቲባዮቲክ ግን ፒቢፒ 2ን ስለሚይዝ ያው ኢ. ኮላይ ክብ ይሆናል። ሁለቱም ቤታ ላክታም (የፔኒሲሊን ወገን መድኃኒት) ሆነው ውጤታቸው ተቃራኒ! ይሄን ለተማሪ ሳሳይ ሁሌም ደስ ይለኛል።

ጠያቂው፦
ጋሼ፣ ሠራተኞቹን "እዚህ ጋ ሥሩ" የሚላቸውስ ማነው? ኤምሪቢ የሚባለው ፕሮቲን የባክቴሪያ አጥንት ነው ተብለን ነበር የተማርነው።

ጋሽ ማይክሮ፦
"አጥንት" የምትለውን ተዋት። ኤምሪቢ በእኛ ሴሎች ውስጥ ክር የሚሠራው የአክቲን ፕሮቲን ዘመድ ነው፤ በ2001 ባሲለስ ሰብቲለስ በሚባል ዘንግ ባክቴሪያ ላይ ሲታይ ሴሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚጠመዝዝ ረጅም ገመድ መስሏቸው ነበር። በ2011 የተሻለ ማይክሮስኮፒ ሲመጣ ግን አጫጭር ቁራጮች ሆነው፣ በሴሉ ወገብ ዙሪያ ሲሽከረከሩ ተገኙ። የግድግዳው ሥራ ሲገታ እነሱም ይቆማሉ። እንግዲህ ኤምሪቢ የሚያደርገው ሥራው ወገቡን እየዞረ እንዲሄድ መምራት ነው፤ ዘንጉ ሳይወፍር የሚረዝመውም ለዚህ ነው። ኤ22 በሚባለው ኬሚካል ኤምሪቢን ብታፈርሰው ዘንጉ ይከብባል። ስታፍ ኦሬየስ የሚባለው ባክቴሪያ ኤምሪቢ ጭራሹኑ የለውም፤ ክብ ነው። መሀሉ ላይ ቀለበት ሠርቶ የመክፈያውን ቦታ የሚይዘው ደግሞ የቱቡሊን (ሌላው የሴላችን ክር ሠሪ ፕሮቲን) ዘመድ የሆነው ኤፍቲኤስ ዜድ የሚባል ፕሮቲን ነው።

ተረኛዋ፦
ካርዳቸውን አየሁት፣ ሴፋሌክሲን ነው። ማካንኪው ላይ ወደ አጭር የተመለሰው መድኃኒት ስለሌለበት ነዋ! ሪፖርቱን ምን ልበለው?

ጋሽ ማይክሮ፦
አዎ፣ መድኃኒቱ ሲነሳለት ክሩ ይከፋፈላል። "ግራም ኔጌቲቭ ዘንግ፣ ረጃጅም ክር መሰል ቅርጾች ታይተዋል፣ ታካሚዋ አንቲባዮቲክ ላይ ናቸው" ብለሽ ጻፊ። ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ ቢሆን ወይን ጠጅ ቀለም ይዞ፣ በጣም ወፍሮ ታገኚው ነበር፤ ለዚያ ልጅ ስላይዱን ጎን ለጎን አሳዪው። ሴንሲቲቪቲውንም (የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራበት የሚያሳየውን ምርመራ) ሳታዪ ሪፖርቱን እንዳትዘጊው።