ክሪያቲኒን 1.4፣ ቲኤስኤች 68፦ ኩላሊት ነው ወይስ ታይሮይድ?

ጥያቄ፦
የ46 ዓመት ሴት፣ 60 ኪሎ። ቲኤስኤች (ታይሮይድ ሲያንስ ከፍ የሚል ሆርሞን) 68፣ ፍሪ ቲ-ፎር (ራሱ የታይሮይድ ሆርሞን) ዝቅተኛ። ክሪያቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው የጡንቻ ቆሻሻ) ዓምና 0.8 ነበር፤ አሁን 1.4፣ ጂኤፍአር (የኩላሊት የማጣራት አቅም) ሲሰላ 47። ሽንቷ ፕሮቲንም ደምም የለውም፣ አልትራሳውንዱም ደህና ነው። የኩላሊት በሽታ ደረጃ 3 ብዬ ልጻፍ?

መልስ 1፦
አይጻፍ። ለዚያ ጂኤፍአሩ ከ60 በታች ሆኖ 3 ወር መቆየት አለበት። የታይሮይድ ሆርሞኑ ሲያንስ ልብ የሚረጨው ደም ይቀንሳል፣ ኩላሊት የሚደርሰውም አብሮ ይቀንሳል፤ ማጣራቱ የምር ወርዷል፣ የላብራቶሪ ስህተት አይደለም። ግን አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ጡንቻም ስለሚጎዳ ሲኬ (የጡንቻ ጉዳት የሚያሳይ የደም ምርመራ) እዘዝ። በብዙ ሺህ ከወጣና ሽንቷ የሻይ መልክ ከያዘ ቀጠሮ አይሰጥም፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ትግባ። ኮሌስትሮሏ ከፍ ቢልም ስታቲን (የኮሌስትሮል መድኃኒት) ለመጀመር አትቸኩል፤ ታይሮይዱ ሳይታከም ጡንቻውን ያብስበታል።

መልስ 2፦
«በሲስታቲን ሲ (ሌላ የኩላሊት የደም ምርመራ) አረጋግጥ» የሚልህ አይጠፋም። አትስማው። ታይሮይድ ሲያንስ ሲስታቲን ሲ ዝቅ ስለሚል ኩላሊቱ ካለበት የተሻለ ይመስላል። ክሪያቲኒኑ ወደ ላይ፣ እሱ ወደ ታች ይጎትቱሃል።

ጠያቂ፦
ሲኬ 640 ወጣ፣ ሽንቷ ንጹሕ ነው። ልብ ላይ ችግር የለባትም። መጠኑስ? መቼ ልድገም?

መልስ 1፦
ሊቮታይሮክሲን (የታይሮይድ ሆርሞን ኪኒን) በቀን በኪሎ 1.6 ማይክሮግራም ነው፤ ለሷ 100። አዛውንት ወይም የልብ ሕመምተኛ ብትሆን ከ25 ትጀምር ነበር። ጠዋት በባዶ ሆድ በውሃ ብቻ፣ ቡናውም ቁርሱም ከአንድ ሰዓት በኋላ። የደም ማነስ ኪኒን (አይረን) ወይም ካልሲየም ካላት በ4 ሰዓት ይራቅ፤ «መድኃኒቱ አልሠራ አለ» የሚባለው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። በ6ኛው ሳምንት ቲኤስኤችና ክሪያቲኒን ከአንድ ደም ይሠሩ። እስከዚያ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሚባሉትን ማስታገሻዎች አትንካ በላት። ቲኤስኤች ተስተካክሎ ክሪያቲኒኑ ካልወረደ ያኔ ኩላሊቱን ፈልግ።

መልስ 3፦
ደም ከመስጠቷ በፊት ባለው ማታ ጥብስም ቅቅልም አትብላ። ሥጋ ሲበስል በውስጡ ያለው ክሪያቲን ወደ ክሪያቲኒን ስለሚለወጥ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ለፀጉር ተብሎ የሚሸጠውን ባዮቲን የተባለ ቫይታሚን የምትወስድ ከሆነም ቢያንስ 2 ቀን ቀድማ ታቁም፤ በአንዳንድ ማሽን ላይ ቲኤስኤችን በሐሰት ዝቅ አድርጎ ያወጣዋል።