ወገቡ ተይዞ ወደ ጎን ያጋደለ ሰው፦ አከርካሪው ተጣሟል?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ላይ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ሲያነሳ ወገቡ የተያዘ የ34 ዓመት ሠራተኛ ነው፤ ዛሬ 4ኛ ቀኑ። ትከሻው ወደ ግራ ሄዷል፣ የቀኝ ዳሌው ወጥቷል። የሚያመው በቀኝ ነው፣ እስከ ቂጡ ይወርዳል። ራጁ ላይ «የወገብ ቅስት ጠፍቷል» ይላል። ቤተሰቡ ወጌሻ ጋ ሊወስዱት ነው። አጥንቱ ነው ወይስ ጡንቻው?

መልስ 1
አጥንቱ አልተጣመመም። የተጎዳው ቦታ እንዳይነካ ጡንቻዎቹ ተኮማትረው ይዘውታል፤ ሰውነቱ ሸክሙን ከሚያመው ጎን እያሸሸ ነው። ቅስቱ (ወገብ በተፈጥሮው ወደ ውስጥ የሚገባበት ቅርጽ) የጠፋውም ብዙውን ጊዜ በዚሁ ነው፤ ብቻውን በሽታ አይባልም። የቆየ መጣመም እንዳልሆነ ለማረጋገጥ ከመታመሙ በፊት ቆሞ የተነሳውን ፎቶ እዩ። እባካችሁ ወጌሻ በጉልበት አያቃናው! ጡንቻው ይብስ ይኮማተራል፤ ነርቭ የተጫነ ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለው ትራስ) ካለም ሊባባስ ይችላል።

መልስ 2
ወንድሜ፣ በግራ ጎኑ ግድግዳ አጠገብ ይቁም። የግራ ክርኑን አጥፎ ከጎድኑ ጋር ያጣብቅና ግድግዳው ላይ ይደገፍ፤ እግሮቹ ከግድግዳው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራቁ። በቀኝ እጁ የወጣውን ዳሌ ቀስ አድርጎ ወደ ግድግዳው ይግፋ፣ ትንሽ ይቆይ፣ ይመልስ። 10 ጊዜ፣ በየ2 እና 3 ሰዓቱ። ብዙ ሰው ትከሻውን ያዘነብላል፤ ስህተት ነው፣ የሚንሸራተተው ዳሌው ብቻ ነው። ቀና ሲል ወዲያው አይቀመጥ፣ ተመልሶ ያጋድላል። በሆዱ ተኝቶ በክርኖቹ 2 ደቂቃ ይደገፍ፤ ቅስቱን የሚመልሰው ይሄ ነው። እንዳጋደለ ግን አይጀምረው፣ ያሳምመዋል።

መልስ 3
ሽንት አልወጣ ካለው ወይም ካመለጠው፣ ፊንጢጣው ዙሪያ ከደነዘዘ ወይም እግሩ ከሰነፈ ሁሉንም ትታችሁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዱት። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካለ ደግሞ የአከርካሪ ቲቢ ይመርመር። ደሴ የምታወጡት ከሆነ የሚኒባሱን የፊት ወንበር ያዙለት፤ ጋቢ ጠቅልላችሁ ከቀበቶው ከፍ ብሎ ወገቡ ሥር አድርጉለት። ኋላ ከተቀመጠ በየኩርባው እየተወዛወዘ ይሠቃያል። አልጋ ላይም ከ2 ቀን በላይ አይክረም።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ። ግድግዳው ላይ ሞከረው፤ የቂጡ ሕመም ለቀቀው፣ ወገቡ መሃል ግን ጠነከረ። ያቁም?

መልስ 2
አያቁም። ሕመሙ ወደ መሃል መሰብሰቡ ጥሩ ምልክት ነው። ወደ ጭኑ ወይም ወደ ባቱ ከወረደ ግን ያኔውኑ ያቁምና ፊዚዮቴራፒስት ይየው።